ፓወር ቢአይ በምድብ ሽግግር ሠንጠረዥ ሲፈተን

ሦስት ምድብ ያለው የደንበኞች መዝገብ እናስብ፦ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ። ባለፈው ወር መጨረሻ 120፣ 300 እና 580 ነበሩ፤ በድምሩ 1000። በዚህ ወር መጨረሻ ደግሞ 131፣ 307 እና 580 ሆነዋል። ተራ የአሞሌ ግራፍ ነሐስን አይቶ «አልተነካም» ይላል፤ 580 ነበር፣ አሁንም 580 ነው። ከሥሩ ግን 150 ሰው ከነሐስ ወጥቶ 150 ሌላ ሰው ገብቷል። ከወጡት 54ቱ ወደ ብር፣ 6ቱ በአንድ ዝላይ ወደ ወርቅ አደጉ፤ 90ዎቹ ግን ጭራሽ ለቀቁ። ግራፉ ይህን ሁሉ ደብቆ ነው ዝም የሚለው።

የሚያወጣው የሽግግር ሠንጠረዥ ነው። በረድፍ የመነሻ ምድብ፣ በዓምድ የመድረሻ ምድብ፣ በመገናኛቸው ደግሞ ከዚያ ተነስተው እዚህ የደረሱት ሰዎች ቁጥር። የብድር ውዝፍ ከ30 ቀን ወደ 60 ቀን ሲንከባለል ለመከታተልም፣ ሠራተኛ ከደረጃ ደረጃ ሲዘዋወር ለማየትም ቅርጹ ያው ነው።

| መነሻ / መድረሻ | ወርቅ | ብር | ነሐስ | የለቀቀ | ድምር |
|---|---|---|---|---|---|
| ወርቅ | 90 | 18 | 4 | 8 | 120 |
| ብር | 30 | 210 | 36 | 24 | 300 |
| ነሐስ | 6 | 54 | 430 | 90 | 580 |
| አዲስ | 5 | 25 | 110 | – | 140 |
| ድምር | 131 | 307 | 580 | 122 | 1140 |

ሰያፉ ላይ ያሉት 90፣ 210 እና 430 በነበሩበት የቆዩት ናቸው። ከሰያፉ በታች ያሉት አድገዋል ወይም አዲስ ገብተዋል፣ በላይ ያሉት ወርደዋል ወይም ለቀዋል። የረድፍ ድምሮች የመነሻውን ቆጠራ፣ የዓምድ ድምሮች የመድረሻውን ቆጠራ መመለስ አለባቸው። ማዕዘኑ ላይ ያለው 1140 ግን የመነሻው 1000 አይደለም፣ የመድረሻው 1018ም አይደለም፤ ከሁለቱ ቀኖች ቢያንስ በአንዱ የታየ ሰው ሁሉ ነው። አለቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚያ ቁጥር ስለሆነ ትርጉሙን ከርዕሱ ሥር በአንድ መስመር መጻፍ ብዙ ንግግር ያስቀራል።

የማይክሮሶፍት የሪፖርት መሥሪያ በሆነው ፓወር ቢአይ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ቪዡዋል (የግራፍ ወይም የሠንጠረዥ ዓይነት) የለም። በአቻዎቹ በታብሎም፣ በክሊክ ሴንስም፣ በሉከር ስቱዲዮም እንዲሁ። ሁሉም የሚሰጡት ባዶ ፍርግርግ ነው፤ አንድ ደንበኛ የያኔውንና የአሁኑን ምድብ አንድ ላይ እንዲይዝ ማድረግ የሠሪው ፈንታ ነው። የቢአይ (የዳታ ትንተናና ሪፖርት) መሣሪያ በባህርዩ ረድፎችን በአንድ ፊልተር ያጣራል። «ያኔ ወርቅ የነበረ፣ አሁን ብር የሆነ» የሚለው ጥያቄ ግን ያንኑ ሰው በሁለት ቀን፣ በሁለት ፊልተር መመልከትን ይሻል። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው የማትሪክሱን (የረድፍና የዓምድ ፍርግርጉን) ውበት ሳይሆን፣ ይህ ድርብ እይታ በስንት እርምጃ እንደሚገኝና በመንገዱ ላይ የቱ ጋ እንደሚያሰናክል ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ተመልካቹ ሁለቱን ቀኖች እንደፈለገ እንዲቀያይር ከተፈለገ ፓወር ቢአይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሪፖርቱ በየወሩ ያው «ካለፈው ወር ወደዚህ ወር» ከሆነ ግን በዳክስ (በፓወር ቢአይ የቀመር ቋንቋ) መልፋት ከንቱ ድካም ነው፤ ሥራው ዳታው ሳይጫን ማለቅ አለበት።

ስናፕሾቱ ካልጠራ

መሠረቱ የወር መጨረሻ ስናፕሾት (የዚያ ቀን ሁኔታ ቅጂ) ነው፤ የደንበኛ መለያ፣ ቀን እና ምድብ የያዘ ሠንጠረዥ። ሦስት ዓምድ ይበቃል። ሕጉም አንድ ነው፤ ለአንድ ደንበኛ በአንድ ቀን አንድ ረድፍ ብቻ። ሁለት ረድፍ ያለው ደንበኛ ሁለት ሴል ውስጥ ይቆጠርና የሴሎቹ ድምር ከሰዉ ቁጥር ይበልጣል፤ ማትሪክሱን በማየት ብቻ ደግሞ ጥፋቱ የት እንዳለ አይታወቅም። የረድፎቹን ብዛት ከመለያና ቀን ጥምር ልዩ ብዛት (ተደጋጋሚው አንዴ ብቻ ሲቆጠር) ጋር ማስተያየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ወደፊት አይኬድም።

ምንጩ ለውጥን ብቻ የሚመዘግብ ሲሆን፣ ማለትም «ከመቼ» እና «እስከ መቼ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ሲኖሩት፣ የአንድን ቀን ምድብ ለማውጣት መጀመሪያው ከቀኑ ያልበለጠ፣ መጨረሻው ደግሞ ከቀኑ የበለጠ ወይም ባዶ የሆነውን ረድፍ መምረጥ ነው። የአንዱ ረድፍ መጨረሻ የቀጣዩ ረድፍ መጀመሪያ በሆነበት መዝገብ ላይ፣ በሁለቱም ጫፍ «እኩል» ከተፈቀደ በለውጡ ዕለት አሮጌውም አዲሱም ረድፍ ያልፋል። ያ የተደገመ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚች ከአንዲት ምልክት ነው።

ፓወር ቢአይ የራሱ የሆነ አንድ ጠባይ እዚህ ላይ ያስቸግራል። የዳታ ማጽጃው ፓወር ኩዌሪ ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላትን ይለያል፤ ሞዴሉ (የተጫነው ዳታ የሚቀመጥበትና የሚሰላበት ክፍል) ግን አይለይም። አንድ መለያ በአንድ ወር በትልቅ፣ በሌላው በትንሽ ፊደል ከተጻፈ ፓወር ኩዌሪ ውስጥ በሚሠራ ጥምረት አይገናኝም፤ ስለዚህ ያው ሰው አንዴ «የለቀቀ»፣ አንዴ «አዲስ» ሆኖ ይወጣል። ሞዴሉ ውስጥ በዳክስ ሲቆጠር ደግሞ አንድ ሰው ነው። ሁለት መንገድ ሁለት መልስ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ መለያውን ጽሑፍ አድርጎ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል አስተካክሎ፣ ከፊትና ከኋላ ያለውን ክፍተት ቆርጦ መጫን።

የምድቡ መስፈርት ራሱ በመካከል ከተለወጠስ? ወርቅ ለመሆን የሚያስፈልገው ገደብ ከፍ ካለ ማንም ሰው ምንም ሳያደርግ በመቶዎች «ይወርዳሉ»። እንዲህ ያለ ወር ሲያጋጥም ሁለቱም ቀኖች በአንድ መስፈርት እንደገና ይሰላሉ፤ አለዚያ ሠንጠረዡ የደንበኛውን ሳይሆን የኮሚቴውን እንቅስቃሴ ነው የሚያሳየው።

በሜዠር ሲሠራ

ሜዠር በዳክስ የሚጻፍ፣ ሪፖርቱ ሲታይ የሚሰላ ቀመር ነው። ለእሱ ሁለት ትንንሽ ሠንጠረዦች ይፈጠራሉ። ሆም ትር ላይ «ኢንተር ዳታ» ተብሎ በእጅ መተየብ ይቻላል። አንዱ መነሻ ነው፦ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ፣ አዲስ። ሌላው መድረሻ፦ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ፣ የለቀቀ። ለሁለቱም የተራ ቁጥር ዓምድ ይጨመርና የምድቡ ስም «ሶርት ባይ ኮለም» በሚለው በዚያ ቁጥር ይደረደራል። ይህ ካልተደረገ ረድፉና ዓምዱ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ፤ ያን ጊዜ ሰያፉ ይፈርሳል፣ ሠንጠረዡም በዓይን የሚነበብ መሆኑ ያበቃል።

እነዚህ ሁለት ሠንጠረዦች ከስናፕሾቱ ጋር በምንም መስመር መያያዝ የለባቸውም። ፓወር ቢአይ ግን ዳታ ሲጫን ተመሳሳይ የዓምድ ስም አይቶ ግንኙነት በራሱ የመፍጠር ልማድ አለው። የበሽታው ምልክት ግልጽ ነው፦ ሰያፉ ላይ ቁጥር አለ፣ ከሰያፉ ውጭ ያሉት የምድብ ሴሎች ባዶ ናቸው። አንድ ረድፍ በአንድ ጊዜ ወርቅም ብርም እንዲሆን ስለተጠየቀ ምንም አያልፍም። የሞዴል ገጹን ከፍቶ መስመሮቹን መሰረዝ፣ በአማራጮች ውስጥ ያለውን ራስ ሰር ግንኙነት ፈላጊም ማጥፋት ነው።

ለቀኖቹም ሁለት ያልተያያዙ የቀን ሠንጠረዦች፣ ሁለት ስላይሰሮች (ተመልካቹ የሚመርጥባቸው ፊልተሮች)። ተመልካቹ የወሩን አጋማሽ ከመረጠ በዚያ ቀን ስናፕሾት ስለሌለ ሁሉም ባዶ ይሆናል። ሜዠሩ የተመረጠውን ቀን ሳይሆን «ከተመረጠው ቀን ያልበለጠ የመጨረሻ ስናፕሾት» እንዲወስድ መጻፍ አለበት። ከዚህ የሚቀለው ደግሞ ስላይሰሩ ላይ የስናፕሾት ቀኖችን ብቻ ማሳየት ነው።

ሜዠሩ ከዚህ በኋላ አራት ጉዳዮችን ይለያል። መነሻውም መድረሻውም እውነተኛ ምድብ ከሆኑ፣ በመነሻው ቀን በዚያ ምድብ የነበሩትን ደንበኞች ዝርዝር በካልኩሌትቴብል ያወጣል፤ የምድቡን ስም ወደ ስናፕሾቱ ዓምድ የሚያሻግረው ትሪትአዝ ነው። ለመድረሻው ቀንም እንዲሁ። ከዚያ ኢንተርሴክት የሁለቱን የጋራ ሰዎች ይወስዳል፣ ካውንትሮውስ ይቆጥራል። መነሻው «አዲስ» ከሆነ ከመድረሻው ዝርዝር ላይ በመነሻው ቀን በየትኛውም ምድብ የነበሩትን ሁሉ በኤክሴፕት መቀነስ ነው። መድረሻው «የለቀቀ» ሲሆን ቅነሳው ይገለበጣል። «አዲስ» እና «የለቀቀ» ሲገናኙ ባዶ ይመለሳል። በኤክሴፕት ውስጥ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው፤ ሁለቱን ዝርዝሮች ያቀያየረ ሰው አዲሱን ለቀቀ፣ የለቀቀውን አዲስ ያደርጋል፤ ቁጥሩ ደግሞ የሚያሳምን መስሎ ይታያል።

ብዙው ሰው የሚወድቀው ድምሩ ላይ ነው። በድምር ረድፍ ላይ የመነሻ ምድብ ፊልተር የለም፤ ትሪትአዝ አራቱንም ስም ያሻግራል፤ ከእነዚህ «አዲስ» የሚባለው ስናፕሾቱ ውስጥ ስለሌለ ማንንም አያገኝም። ውጤቱ የወርቅ ዓምድ ድምር 131 መሆን ሲገባው 126 ይሆናል፤ አምስቱ አዳዲስ ተውጠዋል። ማስተካከያው የአንድን ሴል ሜዠር ለብቻው ጽፎ፣ በላዩ ላይ በሰምኤክስ መነሻንና መድረሻን በክሮስጆይን አጣምሮ ሴል በሴል የሚደምር ሁለተኛ ሜዠር መጨመር ነው። አንድ ደንበኛ ከአንድ ሴል በላይ ስለማይገባ መደመሩ ትክክል ነው፤ በሌላ የልዩ ቆጠራ ዓይነት ግን ይህን ማድረግ አይቻልም።

የቅርንጫፍ ወይም የክልል ስላይሰር ሲጨመር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ቅርንጫፉ በደንበኛ መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ የተጻፈ ከሆነ ችግር የለም። በየወሩ በስናፕሾቱ ላይ የሚጻፍ ከሆነ ግን፣ ቅርንጫፍ የቀየረ ደንበኛ በአሮጌው ቅርንጫፍ «የለቀቀ»፣ በአዲሱ «አዲስ» ይባላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ይፈልገዋል፤ የማይፈልገው ደግሞ የመድረሻውን ቀን ቅርንጫፍ ለሁለቱም ቀኖች መጠቀም አለበት። ሳይወሰን መተው ነው መጥፎው።

ፍጥነቱስ? በምሳሌው 16 ሴል አለ፤ ለእያንዳንዱ ሴል ሁለት የደንበኛ ዝርዝር ይወጣል። በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ደንበኛ አይሰማም። ወደ ሚሊዮን ሲጠጋ ግን ይንቀራፈፋል፤ ምክንያቱም የዝርዝር ማነጻጸሩን የሚሠራው የፓወር ቢአይ የቀመር ሞተር በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የሚያከናውነው የማከማቻው ሞተር ብቻ ነው። በዳይሬክት ኩዌሪ (ዳታው ሳይጫን ምንጩ በቀጥታ ሲጠየቅ) ሲሆን ደግሞ ከምንጩ የሚመለስ መካከለኛ ውጤት በ1 ሚሊዮን ረድፍ ይገደባል፤ የደንበኛ ዝርዝር የሚያመላልስ ሜዠር ያንን ግድግዳ ቶሎ ነው የሚነካው። ለዚህ ሥራ ዳታውን ወደ ሞዴሉ ማስገባት ይሻላል።

አንድ ሌላ ተደጋጋሚ ስህተት፦ የመነሻ ምድብን በካልኩሌትድ ኮለም ጽፎ ስላይሰሩን እንዲሰማ መጠበቅ። እንዲህ ያለ ዓምድ የሚሰላው ዳታው ሪፍሬሽ ሲደረግ ነው፤ ስላይሰር ቢገፉት፣ ቢጎትቱት አይንቀሳቀስም።

ቀድሞ አስልቶ መጫን

ከወር ወደ ወር ብቻ ለሚያይ ሪፖርት ከዚህ ሁሉ የሚያድነው፣ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱንም ያለፈውንም ወር ምድብ ይዞ እንዲገባ ማድረግ ነው። በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ) ይህ የላግ ፋንክሽን ሥራ ነው፤ በደንበኛ ከፍሎ፣ በቀን ደርድሮ የቀደመውን ምድብ ማምጣት። ከዚያ በኋላ ማትሪክሱ ሁለት ተራ ዓምዶችና አንድ ልዩ ቆጠራ ይሆናል። ዳክስ ማለት ይቻላል የለበትም፣ ፈጣን ነው፣ ድምሩም አይሳሳትም።

ሁለት ጉድጓድ ግን አለው። ላግ የሚያመጣው ያለፈውን ረድፍ እንጂ ያለፈውን ወር አይደለም። ደንበኛው አንድ ወር ከመዝገቡ ጠፍቶ ከተመለሰ የሁለት ወር በፊቱ ምድብ «ያለፈው ወር» ተብሎ ይገባል፤ መጥፋቱም መመለሱም አይታይም። ሁለተኛ፣ የለቀቀ ሰው በአሁኑ ወር ረድፍ ስለሌለው ላግ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ «የለቀቀ» የሚባለው ዓምድ ሳይፈጠር ይቀራል። ሁለቱንም የሚፈታው ደንበኛን በወር አባዝቶ ሙሉ ፍርግርግ መሥራትና በሌለበት ወር «የለም» የሚል ምድብ መስጠት ነው። የ1 ሚሊዮን ደንበኛ የ24 ወር ፍርግርግ 24 ሚሊዮን ረድፍ ነው፤ ምድቦቹ ጥቂት ስለሆኑ የምድብ ዓምዶቹ በሞዴሉ ውስጥ በጣም ይጨመቃሉ፣ ክብደቱ የሚመጣው ከመለያው ዓምድ ነው። መለያውን ወደ ተራ ቁጥር መለወጥ እዚህ ዋጋ አለው፤ በፓወር ቢአይ ፕሮ ፈቃድ አንድ ሞዴል 1 ጊጋባይት ላይ ስለሚገደብ። ይህን ያህል ረድፍ ፓወር ኩዌሪ ውስጥ ከራሱ ጋር ማጣመር አይመከርም፤ ሥራው የዳታቤዙ ነው።

የዚህ መንገድ ወሰን መታወቅ አለበት። የሦስት ወር ሽግግር የሦስት ወርኃዊ ሠንጠረዦች ድምር አይደለም። አንድ ሰው በመጀመሪያው ወር ከወርቅ ወደ ብር ወርዶ በሁለተኛው ወደ ወርቅ ከተመለሰ፣ ወርኃዊዎቹ ሁለት እንቅስቃሴ ይቆጥራሉ፤ የሩብ ዓመቱ ግን ከወርቅ ወደ ወርቅ፣ ማለትም ምንም፣ ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ጥያቄያቸው ግን አንድ አይደለም። ሩብ ዓመት የሚፈለግ ከሆነ ሦስት ረድፍ ወደኋላ የሚያይ ሌላ የላግ ዓምድ መጨመር ነው፤ ፍርግርጉ ሙሉ ከሆነ ሦስት ረድፍ ሦስት ወር መሆኑ የታመነ ነው።

ማትሪክሱ ራሱ

በመልክ በኩል ፓወር ቢአይን የሚያስንቅ አላየንም። መነሻ ወደ ረድፍ፣ መድረሻ ወደ ዓምድ፣ ሜዠሩ ወደ ቫልዩስ፣ አለቀ። «ሾው ቫልዩ አዝ» በሚለው የረድፍ መቶኛ በሁለት ጠቅታ ይገኛል፦ ከወርቅ 75 በመቶው፣ ከብር 70 በመቶው፣ ከነሐስ 74.1 በመቶው በቦታቸው ቆይተዋል። የዓምድ መቶኛ ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው፤ ከዛሬዎቹ 131 ወርቆች 68.7 በመቶው ያኔም ወርቅ ነበሩ። የጠቅላላ ድምር መቶኛ ለዚህ ሠንጠረዥ አይረባም፣ አካፋዩ ያ ግራ የሚያጋባው 1140 ነውና።

ተጠንቀቁ፦ «የለቀቀ» የሚለውን ዓምድ ዓይን ረበሸ ብሎ በፊልተር የደበቀ ሰው መቶኛውንም ለውጧል። የወርቅ አካፋይ ከ120 ወደ 112 ይወርድና ቆይታው ከ75 ወደ 80.4 በመቶ ያድጋል። ማንም ሳይዋሽ ሪፖርቱ ዋሸ ማለት ነው።

ቀለም በሚሰጥበት ጊዜ የተለመደው የጥላ ደረጃ አይሠራም፤ የሰያፉ ቁጥሮች ትልልቅ ስለሆኑ ቀለሙን ሁሉ ይወስዱታል፣ ቁም ነገር ያለባቸው ትንንሾቹ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። የሚሻለው የመድረሻን ተራ ቁጥር ከመነሻው አነጻጽሮ ላደገ አረንጓዴ፣ ለወረደ ቀይ፣ ለቆየ ግራጫ የቀለም ኮድ የሚመልስ ሌላ ሜዠር መጻፍና የጀርባ ቀለሙን «ፊልድ ቫልዩ» በሚለው ከእሱ ጋር ማሰር ነው። አሥር መስመር አይሞላም፣ ሠንጠረዡን ግን ሌላ ያደርገዋል።

ባዶ ሴል ላይ ዜሮ ለማሳየት ሜዠሩ ላይ ዜሮ መደመር ይቻላል። በ16 ሴል ላይ ጉዳት የለውም። የደንበኛ ስም ያለበት ዝርዝር ላይ ግን ያንኑ ሜዠር መጠቀም ሁሉንም ደንበኛ በዜሮ ይዘረግፋል፤ ስለዚህ ሁለት ሜዠር ይኑር።

ሳንኪ ግራፍ (ፍሰትን በመስመር ውፍረት የሚያሳይ) ለሚያምራቸው፦ በፓወር ቢአይ ከማይክሮሶፍት ማርኬትፕሌስ (ቀድሞ አፕሶርስ) የሚወርድ ተጨማሪ ቪዡዋል ነው። የመነሻውና የመድረሻው ስም አንድ ዓይነት ከሆነ ሁለቱ ወርቆች አንድ ቋጠሮ ሊሆኑና መስመሩ በራሱ ላይ ሊዞር ይችላል። «ወርቅ ያኔ» እና «ወርቅ አሁን» ብሎ መለየት ነው። ከአምስት ምድብ በላይ ሲሆን ሳንኪ ድር ይሆናል፣ ማትሪክሱ ግን ይነበባል።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ

ታብሎ ለሁለት ቀን ንጽጽር ከፓወር ቢአይ ያነሰ ድካም ይጠይቃል። ያልተያያዘ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም። ሁለት የቀን ፓራሜትር (ተመልካቹ የሚመርጠው ዋጋ)፣ ከዚያ በፊክስድ የሚጻፉ ሁለት ስሌቶች፦ ለእያንዳንዱ ደንበኛ፣ ቀኑ ከመነሻው ፓራሜትር ጋር ሲገጥም ያለውን ምድብ ስጠኝ፣ ለመድረሻውም እንዲሁ። ባዶ የሆነው በአንዱ በኩል «አዲስ»፣ በሌላው «የለቀቀ» ይባላል፤ በሁለቱም ቀን ባዶ የሆነው ይጣላል። ሁለቱ ስሌቶች እንደ ተራ ዲሜንሽን (መከፋፈያ ዓምድ) ረድፍና ዓምድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ልዩ ቆጠራው መሃል ይገባል። ድምሩም እንደ ፓወር ቢአይ አያስቸግርም።

የታብሎ እሾህ የፊልተር ቅደም ተከተሉ ነው። ፊክስድ የሚሰላው ከተራ የዲሜንሽን ፊልተር በፊት ነው፤ ስለዚህ በተራ ፊልተር መነሻ ቀንን ወይም ቅርንጫፍን የመረጠ ሰው የስሌቱን ውስጥ አይነካም። እንዲነካ ከተፈለገ ፊልተሩ ከፊክስድ በፊት እንዲሠራ «አድ ቱ ኮንቴክስት» ይባላል። ሌላው ስውር ነገር፣ ስሌቱ ውስጥ ጽሑፍን ለማጠቃለል ማክስ ስለሚገባ፣ አንድ ደንበኛ በአንድ ቀን ሁለት ምድብ ቢኖረው በፊደል ተራ የኋለኛውን መርጦ ዝም ይላል። ፓወር ቢአይ ውስጥ የተደገመው ሰው ድምሩን ያዛባና ይጋለጣል፤ ታብሎ ውስጥ ተሸፍኖ ያልፋል። የስናፕሾት ፍተሻው ስለዚህ እዚህ የባሰ ግድ ነው።

ክሊክ ሴንስ ታሪኩን ሁሉ በሎድ ስክሪፕት (ዳታ በሚጭነው የትዕዛዝ ጽሑፍ) ቀድሞ ለሚያሰላ ሰው ምቹ ነው። ስናፕሾቱ አንዴ ይጫናል፣ ከዚያ ከራሱ ከማኅደረ ትውስታ በሬዚደንት በደንበኛና በቀን ተደርድሮ እንደገና ይነበባል፤ ደንበኛው ከቀደመው ረድፍ ደንበኛ ጋር አንድ ከሆነ ፕሪቪየስ የቀደመውን ምድብ ይሰጣል። መደርደሪያው ትዕዛዝ የሚሠራው በሬዚደንት ንባብ ላይ ብቻ መሆኑን የዘነጋ ሰው የተቀላቀለ ታሪክ ያገኛል። ባዶ ዋጋ በክሊክ ስለማይመረጥ «አዲስ» የሚለው ስም ስክሪፕቱ ላይ መሰጠት አለበት። የላግ ጉድጓዶች ሁሉ እዚህም አሉ። የሚያስመሰግነው ግን አንድ ሴል ሲመረጥ በዚያ ሴል ያሉት ደንበኞች በሌሎቹ ሠንጠረዦች ላይ ወዲያው መለየታቸው ነው።

ሉከር ስቱዲዮ ለትንሽ ዳታ ይሠራል። ያው ምንጭ ሁለት ጊዜ በብሌንድ (ምንጮችን በሚያጣምረው) ይገባል፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ የቀን ወሰን ይሰጠዋል፣ በደንበኛ መለያ በፉል አውተር ጆይን (ከሁለቱም በኩል ማንም ሳይወድቅ) ይያያዛሉ። ከአንድ በኩል ብቻ ለሚገኝ ደንበኛ መለያው በሌላው በኩል ባዶ ስለሚሆን፣ ቆጠራው ሁለቱን መለያዎች በኮአሌስ (አንዱ ባዶ ሲሆን ሌላውን በሚወስደው) አንድ ባደረገ መስክ ላይ መሠራት አለበት፤ አለዚያ አዲሶቹ ወይም የለቀቁት ከቆጠራው ይወድቃሉ። ከዚያ የረቀቀ ነገር ከተፈለገ ሥራው ወደ ምንጩ ዳታቤዝ መመለሱ አይቀርም።

ከሴሉ ወደ ስሙ

ሠንጠረዡን ያየ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «እነዚያ 24ቱ እነማን ናቸው?» ብሎ ነው። በፓወር ቢአይ የድሪልትሩ (ከሴል ወደ ዝርዝሩ የሚወስድ) ገጽ ተሠርቶ መነሻና መድረሻ ምድብ እንደ ፊልድ ይሰጡታል። ነገር ግን ሠንጠረዦቹ ስላልተያያዙ ዝርዝሩ አይጣራም፤ ሴሉን ተጭኖ የሄደ ሰው ሁሉንም ደንበኞች ነው የሚያገኘው። መፍትሔው ዜሮ ያልተደመረበትን ሜዠር በደንበኛ ዝርዝሩ ቪዡዋል ላይ እንደ ፊልተር አስቀምጦ «ባዶ ያልሆነ» ማለት ነው። ሜዠሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ተሰልቶ በሴሉ ላሉት 1፣ ለሌሎቹ ባዶ ይመልሳል። ሁለቱ የቀን ስላይሰሮችም ወደ ድሪልትሩ ገጽ መሻገራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ «ኪፕ ኦል ፊልተርስ» ካልበራ፣ ስላይሰሮቹም ካልተጣመሩ ዝርዝሩ በሌላ ወር ይሰላል።

ቀድሞ በተሰላው መንገድ ይህ ሁሉ የለም፤ ምድቦቹ በራሱ በስናፕሾቱ ረድፍ ላይ ስላሉ ድሪልትሩ ያለ ዘዴ ይሠራል። ዝርዝሩን ወደ ውጭ ለሚያወጡ ደግሞ ገደቡ ይታወቅ፦ ከቪዡዋል ሲወጣ ሲኤስቪ 30 ሺህ፣ የኤክሴል ፋይል 150 ሺህ ረድፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ሰው ያለበትን ሴል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሰያፉን፣ ስም ዝርዝር ከዳታቤዙ በቀጥታ ማውጣት ነው የሚያዋጣው።